የተከለለው ስፍራ ብርሃን ያርፍበታል ወይስ አያርፍበትም? በአንድ ረቂቅ የሙያ ቃላት ዝርዝር ላይ የቀረበ ሂስ

ለሙያ ቃላት አቻ ስያሜ በሚፈለግበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው የቃሉ ማማር ሳይሆን፣ ሠራተኛው ቃሉን አንብቦ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። በሌዘር ቅኝትና በምስል ትንተና ለሚሠሩ ሰዎች ታስቦ የተዘጋጀ አንድ ረቂቅ የቃላት ዝርዝር ተመልክተን ያገኘነው ጉድለት ከዚሁ ጥያቄ የሚመነጭ ነው። አዘጋጆቹ ብዙ ደክመዋል፤ የድካማቸው ፍሬ እንዲያፈራ ግን አንዳንዶቹ ስያሜዎች እንደገና መታየት አለባቸው።

ስያሜዎቹን ለመመዘን በቅድሚያ ሥራውን ማወቅ ያሻል። በኮንፎካል ማይክሮስኮፕ የሌዘር ጨረር በሚንቀሳቀሱ መስተዋቶች እየተመራ ናሙናውን በመሥመር በመሥመር ያዳርሳል። ይሁን እንጂ የሚፈለገው ሕዋስ ብዙውን ጊዜ ከመስኩ የሚይዘው ጥቂቱን ነው። በቀረው ላይ የሚፈሰው ብርሃን ጥቅም የለውም፤ ይልቁንም የማቅለሚያውን ፍካት ያደበዝዛል፣ ሕያዋን ሕዋሳትንም ይጎዳል። ስለሆነም መጀመሪያ በደካማ ብርሃን ምስል ይነሣል፤ ቀጥሎ ኮምፒዩተር እያንዳንዱን ፒክስል መርምሮ የሕዋሱን ወሰን ያወጣል፤ በመጨረሻም ሌዘሩ በዚያ ወሰን ውስጥ ብቻ እንዲበራ ይታዘዛል። ቀደም ካሉት ዘዴዎች አንዱ፣ ኖቡዩኪ ኦትሱ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው፣ ፒክስሎችን በብርሃን መጠናቸው በሁለት የሚመድብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ከጀርመን ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ የቀረበው ዩ-ኔት የተባለው ዘዴ ግን ባለሙያዎች በእጃቸው ወሰን ካሠመሩባቸው ምስሎች ይማራል።

ረቂቁ ይህንን የወሰን ማውጣት ተግባር «ክፍፍል» ይለዋል። ስያሜው ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም፤ ምስሉ በእርግጥ ይከፈላል። ነገር ግን በአማርኛ ክፍፍል ሲባል የርስት ክፍፍል፣ የትርፍ ክፍፍል ማለት ነው፤ የሚካፈሉ ባለ ድርሻዎች አሉበት፤ የሚደለደለውም ሀብት አስቀድሞ ይታወቃል። እዚህ ግን ድርሻ የሚወስድ የለም። የሚሠራው ሥራ እስካሁን ያልታወቀ ዳርቻን ፈልጎ ማግኘት ነው። «ልየታ» ብቻ ብንለውም አይበቃም፤ ምስሉ የምን እንደሆነ ማወቅም ልየታ ነውና። ስለዚህ «ወሰን ልየታ» የሚለው ጥምር ስያሜ ቢረዝምም ተግባሩን በትክክል ይገልጻል።

ከዚህ የከበደው ስሕተት የሚገኘው ሌዘሩ ለሚቃኘው ስፍራ በተሰጠው ስም ነው። ረቂቁ «የተከለለ ቦታ» ይለዋል። «ከለለ» የሚለው ግሥ ሁለት ገጽ አለው፤ በአንድ በኩል ዳር ድንበር ማበጀት ነው፤ በሌላው በኩል ከፀሐይ፣ ከነፋስ፣ ከዓይን መጋረድ ነው። ነገሩ ስለ ብርሃን በሆነበት ስፍራ ደግሞ ቀድሞ የሚታሰበው ሁለተኛው ነው። ከፀሐይ የተከለለ ሰው ፀሐይ የማያገኘው ሰው አይደለምን? እንግዲያውስ «ሌዘሩ ለተከለለው ቦታ ይስተካከል» የሚል መመሪያ ያነበበ ሠራተኛ፣ አንዱ ሕዋሱን ሲያበራ ሌላው ሕዋሱን ሊያጨልምና ጨረሩን በዙሪያው ሊለቅ ይችላል። ሁለቱም አማርኛ ያውቃሉ፤ ሁለቱም ቃሉን በትክክል አንብበዋል።

«ጭምብል» የሚለውም ስያሜ በዚሁ ሚዛን ይቀላል። ጭምብል ፊትን የሚሸፍን ነው። በዚህ ሙያ ግን በዚህ ስም የሚጠራው ሠንጠረዥ ለእያንዳንዱ ፒክስል 1 ወይም 0 የሚሰጥ ነው፤ በተለመደው አሠራር 1 የተመረጠውን፣ 0 የቀረውን ያመለክታል። በአማርኛው የተሸፈነ የሚመስለው በሥራው ግን የተገለጠው ነው ማለት ነው። ስለዚህ «የምርጫ ካርታ»፣ ለስፍራዎቹም «የቅኝት ስፍራ» እና «ጨረር የማይነካው ስፍራ» የሚሉት ተለይተው ቢገቡ ይሻላል።

ጉዳቱ በአንድ ናሙና ላይ የሚያበቃ ቢሆን ባልከፋ ነበር። ማሽኑ የሚማረው ሰው ካሠመረው ነው። «የተከለለውን ቀለም ቀቡ» የሚል መመሪያ ይዘው አንዳንዶቹ ውስጡን፣ አንዳንዶቹ ውጪውን ቢቀቡ፣ የቃሉ አሻሚነት ወደ ማሽኑ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ስሕተቱን ከቃሉ ጋር አያይዞ የሚፈልገው የለም። «የማሽን ትምህርት» የተባለውም ቢሆን እንደ «የሒሳብ ትምህርት» ስለ ማሽን የሚሰጥ ትምህርት ይመስላል፤ «የማሽን መማር» ቢባል ተማሪው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

መልካሙን ማመስገንም ተገቢ ነው። «ቅኝት» የተባለው ስምሙ ነው፤ የዜማን ቅኝት ቢያስታውስም ዐውዱ ይለየዋል። ጨረሩ ለሚሄድበት አንድ መሥመር ደግሞ «ትልም» የሚለውን ቃል ብንጨምር፣ ማሳውን ከዳር ዳር የሚያርሰው ገበሬ ያቆየን ቃል ሥራ ያገኛል። «ሌዘር» እንዳለ መወሰዱም ትክክል ነው፤ ጎርደን ጉልድ እ.ኤ.አ. በ1957 ከቃላት መነሻ ፊደላት ያበጀው፣ ቴዎዶር ሜይማን በ1960 የመጀመሪያውን መሣሪያ ከሠራ ወዲህም ዓለም የተቀበለው ስም ነው። «ጨረር» ብቻ ቢባል ከራጅ አይለይም ነበር።

በጠቅላላው ረቂቁ ቃላቱን የመዘነው ከባዕዱ ቃል ጋር አስተያይቶ ነው። ሁለተኛ ሚዛን ያስፈልገዋል፤ እያንዳንዱ ስያሜ ከመጽደቁ በፊት በአንድ የሥራ መመሪያ ውስጥ ገብቶ፣ ሥራውን ለማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ይነበብለት፤ ብርሃኑ የት እንደሚያርፍም ይጠየቅ። መልሱ ሁለት ከሆነ ቃሉ ገና አልተገኘም።