ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባና

አዲስ አበባን ለመጐብኘት የመጣ እንግዳ፣ ከባሕር ማዶም ይምጣ ከገጠር፣ የሚመራበት መንገድ ከሞላ ጐደል የታወቀ ነው። ጧት በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ያያል፤ ከዚያ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ተሻግሮ ባለስምንት ማዕዘኑን ሕንፃ ይዞራል፤ ከዐፄ ምኒልክ ሐውልት ሥር ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ፒያሳ ቆሞ ማኪያቶ ይጠጣል፤ ምሳውን በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ይበላል። ሲመሽ ደግሞ ወደ አንድ የባህል ምግብ ቤት ይወሰዳል። እዚያ መሶብ ይቀርብለታል፤ ጠጅ በብርሌ ይቀዳለታል፤ በመድረኩ ላይ የየብሔረሰቡ ጭፈራ በየተራው ያልፋል። በግድግዳው ላይ ጋሻና ጦር፣ አገልግልና ቅል ተደርድረዋል፤ በመካከላቸውም ከጥቁርና ከቡናማ የበግ ጠጕር የተሠራ አንድ ባና ተሰቅሏል። እንግዳው ጣቱን ቀስሮ «ይህስ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ባህላዊ ዕቃ ነው» ይባላል።

የዚህ ሒስ መነሻ ያ መልስ ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ምንም አይናገርም። ጠጕሩን የፈተለችው ማን ናት? የሸመነውስ ማን ነው? ባናው ከየት መጣ? ለምን አገልግሎት ተሠራ? እነዚህ ጥያቄዎች ከተዘለሉ የሚቀረው ዕቃው ብቻ ነው፤ ሠሪው የማይታወቅ ዕቃ ደግሞ አፍ የሌለው ጌጥ ነው። እንግዲህ አንድን ጥንታዊ ሰፈርና በውስጡ ያሉትን ምግብ ቤቶች የሚመዝን ሰው፣ «ያምራሉ ወይስ አያምሩም?» ከማለት አስቀድሞ «እናሳያለን የሚሉትን ሕይወት በእርግጥ ያሳያሉን?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

የባናው አገር መንዝ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ሲኬድ ከጣርማ በር ላይ ወደ ግራ የሚገነጠለው መንገድ በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ ይገባል። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት የሚከፈለው ይህ ደጋ፣ ከጎረቤቱ ከግሼ ጋር፣ አብዛኛው ክፍሉ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የሚገኝ ነው። ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ በበጋ ሌሊት ውርጭ የሚወርድበት አገር ነው። ሕዝቡ ይህን ብርድ የተቋቋመው በበጉ ነው። የመንዝ በግ ይሸለታል፤ ጠጕሩ ጸድቶ በእንዝርት ይፈተላል፤ ድርና ማግ ሆኖ ይሸመናል፤ ባና፣ ዝተት፣ በርኖስ ይሆናል። ባና ሌሊት ቤተ ሰብ የሚለብሰው፣ እንግዳ ሲመጣ የሚነጠፍለት ነው። ውበቱም ከጥቅሙ የተለየ አይደለም። ቀለሙ የበጉ የራሱ ቀለም ነው፤ ክብደቱ የብርዱ ልክ ነው። አንድ ባና ተጨርሶ እስኪቆረጥ ድረስ ስንት ምሽት በእንዝርት ሥር እንዳለፈ የሚያውቀው የፈተለው እጅ ብቻ ነው።

መንዝና አራዳ እርስ በርሳቸው ባዳ አይደሉም። በ17ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ገደማ ከመንዝ የተነሣው ነጋሢ ክርስቶስ የሸዋ ሥርወ መንግሥት መሥራች ሆነ። የዘሩም መናገሻ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተዛወረ አንኮበር ደረሰ፤ ዐፄ ምኒልክም ከአንኮበር በእንጦጦ በኩል አድርገው በ1879 ዓ.ም. ወደ ተቈረቈረችው አዲስ አበባ ወረዱ። ሆኖም ሰፈርን ነገሥታትና መኳንንት ብቻ አይሠሩትም። ከጌቶቹ ኋላ የተከተለው ጭፍራ፣ ውኃ ቀጂዋና እንጨት ለቃሚዋ፣ ጠላ ጠማቂዋ፣ አንጥረኛውና ግንበኛው፣ ከአርመን፣ ከግሪክና ከሕንድ የመጣው ባለሙያ ሁሉ በአንድነት አራዳን አቆሙት። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያገኟቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ነሐስ መሣሪያ ይዘው የከተማይቱን ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ጀማሪዎች ሆነዋል። «ፒያሳ» የሚለው ስም ከጣልያን ወረራ ዘመን የቀረ ነው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው በዚያ ዘመን የአራዳ ገበያ ወደ መርካቶ ተገፋ። ሕዝቡ ግን የወራሪውን ቃል ወስዶ የራሱ ትዝታ አደረገው።

ምግብ ቤት የሚባለው ነገር ራሱ በአገራችን ስሙን ያገኘው በዚሁ ሰፈር ነው። ስለ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። ሆቴሉ ሲከፈት፣ እህል በገንዘብ መብላት ነውር የመሰለው ሕዝብ አልገባም አለ፤ በዚህ ጊዜ ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄዱና በልተው ሒሳባቸውን ከፈሉ ይባላል። ታሪኩ የሚያስቅ ቢሆንም ትምህርት አለው። እንግዳን መቀበል የእያንዳንዱ ቤት ግዴታ ከነበረበት ኑሮ፣ እንግዳን መቀበል ሙያና መተዳደሪያ ወደ ሆነበት ኑሮ የተደረገውን ሽግግር በአንድ ምሳ ያሳያል። ሙያ መሆኑ ነውር አይደለም። ነውሩ የሚጀምረው ምግቡና ዕቃው ሲሸጡ ሠሪያቸው ሲደበቅ ነው።

በዚህ መመዘኛ ሲታይ፣ በሰፈሩ ውስጥ እንግዳን የሚያረካው ነገር ለእንግዳ ተብሎ ያልተዘጋጀው ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት የነገሠበት ቦታ ነው፤ ነገር ግን ሕንፃው ከሙዚየም የሚለየው ዛሬም ነጠላዋን ያጣፋች እናት ግንቡን ተሳልማ ስለምታልፍ ነው። ጣይቱ ሆቴል በጥር ወር 2007 ዓ.ም. ከደረሰበት ቃጠሎ በኋላም የተከበረው እንግዳ ማሳደሩንና ማብላቱን ስላልተወ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ሕይወት የሚኖረው መድረኩ ላይ አዲስ ተውኔት ሲቆም እንጂ በዕድሜው ብቻ አይደለም። በቡና ቤት ደጃፍ ቆሞ የሚጠጣው ሰው ትርኢት እያሳየ አይደለም፤ ወደ ሥራው ሊሄድ ነው። እንግዳው አጠገቡ ቆሞ ሲጠጣ የሚያየው እውነተኛ ኑሮ ነው።

የባህል ምግብ ቤቱ ግን በዚህ ፈተና ይወድቃል። ግድግዳው መንዝ ነው፤ መሶቡ ግን መንዝን አያውቅም። የገብስ እንጀራ፣ የባቄላ ወጥ፣ በሶና ቆሎ፣ ለእህል ውኃ የተፈጠረው የገብስ ጠላ ከምግብ ዝርዝሩ ውስጥ አይገኙም። ደጋው ከመርሐቤቴ በኩል ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወርድ ማሽላና ጤፍ መብቀሉ፣ ደገኛውና ቆለኛው በገበያ ቀን እህላቸውን የሚለዋወጡ መሆናቸው በማዕዱ ላይ አይነበብም። ሁሉም ነገር በአንድ ነጭ የጤፍ እንጀራ ላይ ይወጣና «ባህላዊ» ይባላል። መድረኩም እንዲሁ ነው። ሽለላና ቀረርቶ ዘማች ሲነሣ፣ ደቦ ሲወጣ፣ አንዱ የሌላውን ልብ ለማነሣሣት የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ ሰሚው ራሱ ተካፋይ ነው። በምግብ ቤቱ ውስጥ ሰሚው ጐራሽ ሆኗል። ጥቂት ደቂቃ ይሸለላል፤ ልብስ ይቀየራል፤ ሌላ ብሔረሰብ ይገባል። ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ባደረገው ጥናት ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ ሰይሞታል። በእነዚህ ቤቶች ግን እንግዳው የሚጋበዘው ሰሙን ብቻ ነው፤ ወርቁ መንዝ ቀርቷል።

ለዚህ ሒስ የሚሰጥ መልስ መኖሩ አይካድም። የባህል ምግብ ቤቶች ለብዙ አዝማሪዎች፣ ተወዛዋዦችና ምግብ ሠሪዎች እንጀራ ሆነዋል፤ በከተማ ተወልዶ ያደገው ወጣት ማሲንቆን በቅርብ ያየው እዚያ ነው፤ እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ ባናው ጭራሽ ከዓይን ይጠፋ ነበር የሚል ክርክር ይቀርባል። ክርክሩ እውነትነት አለው። በተጨማሪም ጥፋቱን በነጋዴው ላይ ብቻ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። ብሔረሰቦችን በየተራ በመድረክ ላይ ማሳለፍን የለመድነው ከነጋዴው ሳይሆን ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በየቀበሌውና በየክፍለ ሀገሩ ከተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ነው። ካድሬው፣ መምህሩና አርቲስቱ በዚህ ውስጥ ድርሻ ነበራቸው። ይሁን እንጂ መድረክ በራሱ ጥፋተኛ አይደለም። በ1950ዎቹ አጋማሽ በዩኒቨርሲቲው የተቋቋመውና በኋላ ተስፋዬ ለማ የመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ በገናንና ዋሽንትን ከየአገራቸው አምጥቶ በአንድ መድረክ አስቀምጧል። ልዩነቱ እዚያ ተጫዋቹ በሙያው የተከበረ፣ መሣሪያውም የሚደመጥ እንጂ የማዕድ ማጣፈጫ አለመሆኑ ነው።

ጉዳዩ ከጌጥና ከጣዕም አልፎ የሚያሳስብ የሆነው ከመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ ሰፊ ክፍል ፈረሰ፤ በርካታ ነዋሪዎችም ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ተዛወሩ። በዚህ ላይ በቅንነት መነጋገር ይገባል። ከፈረሱት ቤቶች ብዙዎቹ ጣሪያቸው የሚያፈስ፣ መጸዳጃቸው የጋራ፣ ግድግዳቸው የዘመመ ነበሩ፤ በዚያ ችግር ውስጥ ያልኖረ ሰው ስለ ጭቃ ቤት ውበት ቢቀኝ የሚሰማው ጥቂት ነው። መንገዱ መስፋቱን፣ መብራቱ መብራቱን የሚጠላ የለም። ነገር ግን ከቤቱ ጋር የፈረሰ ሌላ ነገር አለ። የዕድር ድንኳን የሚተክሉት፣ ዕቁብ የሚጥሉት፣ ቡና የሚጠራሩት፣ በዱቤ የሚበላሉት ሰዎች ተበትነዋል። በቅርስነት ተመዝግቦ የተረፈው ሕንፃ ቆሟል፤ የሚገባበት ደንበኛ ግን አውቶቡስ ቀይሮ የሚመጣ ሆኗል። ትናንት ከልጅነቱ ጀምሮ በስሙ የሚጠራው ምግብ ቤት ዛሬ እንደ እንግዳ «ምን ልታዘዝ?» ቢለው፣ የፈረሰው ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይገባዋል። ሰፈሩም እንደ ባናው ግድግዳ ላይ እንዳይሰቀል የሚያሠጋው ይህ ነው፤ የሚታይ፣ የሚበራ፣ ነገር ግን ማንንም የማያሞቅ እንዳይሆን።

ለዚህ ሥጋት መልስ የሚሆን ትምህርት የሚገኘው ከዚያው ከባናው አገር ነው። በመንዝ ጌራ ምድር ጓሳ የሚባል ሰፊ የደጋ ሣር ምድር አለ፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ነው። ሕዝቡ ከ17ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ጠብቆታል። ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ተከልክሎ ይቆያል፤ ጊዜው ሲደርስ ይፈቀዳል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይታጨዳል፤ እንደገና ይከለከላል። ሥርዓቱ በርስት ላይ የቆመ ስለ ነበር ሁሉን እኩል አላደረገም፤ የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅም መሠረቱን ናደው። ሕዝቡ ግን በኋላ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን በአዲስ መልክ ቀጠለ፤ ለጐብኚም ማረፊያ ሠራ። ጓሳ እስከ ዛሬ የቆየው ማንም እንዳይነካው በመታጠሩ ሳይሆን፣ የሚጠቀሙበት ሰዎች ራሳቸው ስለ ጠበቁት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት እስከዚህ ደጋ መድረሱ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም ክልሉ በግጭት መታመሱ የጐብኚውን እግር አሳጥሮታል። ባናው በአዲስ አበባ ግድግዳ ላይ በሰላም ተሰቅሎ ሳለ ሠሪው ሰላም ማጣቱ፣ «ባህላዊ ዕቃ ነው» የሚለውን መልስ ይበልጥ ባዶ ያደርገዋል።

ስለዚህ የሚጠየቀው ነገር ከባድ አይደለም። ባናውን የገዛ ምግብ ቤት የሠሪዋንና የሸማኔውን ስም፣ የወረዳቸውንም ስም ከጐኑ ይጻፍ፤ ዋጋቸውንም አይንፈግ። መንዝን በግድግዳው ላይ የሰቀለ ቤት በሳምንት አንድ ቀን እንኳ የገብስ እንጀራ በመሶቡ ላይ ያውጣ። ተማሪዎቹን ወደ አራዳ የሚወስድ መምህር ሕንፃውን ማን እንዳሠራው ብቻ ሳይሆን ማን እንደ ገነባውና ማን እንደ ኖረበት ያስጠይቃቸው። የከተማ ፕላን የሚያወጣ ኃላፊ፣ ከሚጠበቀው ሕንፃ አጠገብ የቀድሞው ነዋሪ የሚመለስበት ቤትና የሚከፍለው ዋጋ እንዲኖር ያስብ። ባለቅኔውና ተውኔት ጸሐፊውም ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ሙሾ ከማውረድ ይልቅ፣ ወደ ዳርቻው የሄዱትን ሰዎች ፈልጎ ያነጋግር፤ የአራዳ ቀጣይ ታሪክ ያለው በእነርሱ ዘንድ ነውና።

አዲስ አበባም በሐምሌ ምሽት ትበርዳለች። ከዝናብ ገብቶ ከመሶቡ ፊት የተቀመጠ እንግዳ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያየ አስተናጋጅ፣ እጁን ዘርግቶ ያን ባና ከግድግዳው ላይ አውርዶ ቢያለብሰውና «ይህ ከመንዝ የመጣ ነው፤ የፈተለችውም እገሊት ትባላለች» ቢለው፣ ያ ቤት በዚያች ደቂቃ የባህል ምግብ ቤት ሆነ ማለት ነው።