142857፦ «አስማቱ» ያለቀበት ቦታ

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ከሚዘዋወሩ አጫጭር ቪዲዮዎች አንዱ ስለ 142857 ነው። አቅራቢው ካልኩሌተር ይዞ ቁጥሩን በ2 ያባዛል፤ 285714 ይመጣል። በ3 ያባዛል፤ 428571። እስከ 6 ድረስ እነዚያው ስድስት አሃዞች ተራቸውን ሳይለቁ መነሻቸውን ብቻ እየቀየሩ ይመለሳሉ። በ7 ሲያባዛው 999999 ይሆናል። «አስማት ነው!» ይልና ቪዲዮው ያልቃል።

ያናደደኝ እዚያ ላይ ማለቁ ነው። ቪዲዮውን ያሳየችኝ የ8ኛ ክፍል ተማሪዋ እህቴ ወዲያው «ለምን ግን?» አለችኝ። መልሱ እርሳስና ወረቀት ብቻ ነው የሚፈልገው።

እስቲ 1ን ለ7 አካፍሉ። 10 ለ7 ሲካፈል 1 ይደርሳል፣ 3 ይቀራል። 30 ለ7፣ 4 ይደርሳል፣ 2 ይቀራል። 20 ለ7፣ 2 ይደርሳል፣ 6 ይቀራል። እንዲህ እያላችሁ ስትቀጥሉ ቀሪዎቹ 3፣ 2፣ 6፣ 4፣ 5 ሆነው በመጨረሻ 1 ይመጣል፤ ከዚያ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀምራል። የደረሱት አሃዞች ደግሞ 1፣ 4፣ 2፣ 8፣ 5፣ 7 ናቸው። በቃ ቁጥራችን ይኸው! ለ7 ስናካፍል ከዜሮ ሌላ ሊቀሩ የሚችሉት ከ1 እስከ 6 ያሉት ብቻ ናቸው፤ ስድስቱም በአንድ ዙር ተዳርሰዋል። ስለዚህ 2ን ለ7 ማካፈል ማለት ያንኑ ዙር ቀሪው 2 ከሆነበት ቦታ መጀመር ነው። 285714 የመጣው ከዚያ ነው።

ጎበዙ ሃርዲ በ1940 ባሳተመው መጽሐፉ 8712 እና 9801ን አጣጥሏቸዋል። ሁለቱም ተገልብጠው ሲጻፉ የሚገኘው ቁጥር ብዜት ናቸው (8712 የ2178 አራት እጥፍ ነው)፤ እሱ ግን ከእንቆቅልሽ ያለፈ ነገር አላየባቸውም። 142857ም በ10 መቁጠራችን የፈጠረው ነው፤ በሁለትዮሽ ቢሆን 1/7 በሦስት አሃዝ እየተደጋገመ ያልፍ ነበር። ቢሆንም እዚያው ተራ ውስጥ ላስገባው አልፈልግም።

ምክንያቱም 13ን ሞክሩት። ቀሪዎቹ በአንድ ዙር አይዳረሱም፤ ለሁለት ይከፈላሉ፦ 076923 እና 153846። 17 ግን 16ቱንም ቀሪዎች በአንድ ዙር ያዳርሳል። 19፣ 23 እና 29ም እንደዚያው። ታዲያ እንደ 7 የሚሆኑ ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ አላቸው? አርቲን በ1927 ያቀረበው ግምት የላቸውም ይላል። ሁሊ በ1967 አረጋገጠው፤ ግን ራሱ ገና ያልተረጋገጠውን አጠቃላይ የሪማን ግምት እውነት ነው ብሎ ተነስቶ ነው። ያለዚያ እስከ ዛሬ ማንም አላረጋገጠውም።

ከእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ነው ቪዲዮው «አስማት» ብሎ በሩን የዘጋው። ለነገሩ ካልኩሌተር ያስነሳት እሱ ነው፤ ይህን አልክድም። እህቴ አሁን 31 ላይ ደርሳለች፣ በወረቀት። ስንት ዙር እንዳለው አልነገርኳትም።