የወሩ መጻሕፍት፤ ስለ ፍቅርና ስለ ተአምር ታሪኮች

በየወሩ መጨረሻ ከድሬዳዋ ከተማ ወደ ዋሂል ስመለስ በከረጢቴ ውስጥ ከስኳሩና ከሳሙናው ጋራ ሦስት ወይም አራት መጻሕፍት አይጠፉም። የማነባቸው ለራሴ ብቻ አይደለም፤ ከእኔ በኋላ የሚዋሷቸው ወጣቶች አሉና «የዚህ ወርስ እንዴት ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው ቃል ሊኖረኝ ይገባል። እነዚህ ወጣቶች በቤታቸው የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛውን ያገኙት ከትምህርት ቤትና ከገበያ ነው። ስለዚህ አንዱ ልጅ ማሽላውን ከወፍ እየጠበቀ ወይም ፍየሎቹን እያገደ አንድ የአማርኛ ልብ ወለድ እስከ መጨረሻው ገጽ ከዘለቀ፣ መጽሐፉ ብዙ ድካም አስከፍሎታል ማለት ነው። በዋጋው ልክ የሰጠው ነገር መኖሩን መመርመር የአዋሹ ፈንታ ይመስለኛል።

የሚጠይቁኝ ዘወትር ሁለት ዓይነት ነው፤ ፍቅር ያለበትና ተአምር ያለበት። የታሪክ ወይም የምክር መጽሐፍ ይዤ ብመጣ ሽፋኑን አይተው በትሕትና ይመልሱልኛል። በዚህ አልቈጣቸውም፤ እኔም በዕድሜያቸው እንዲሁ ነበርሁ። «ልብ ወለድ ውሸት ነውና ልጅ ያበላሻል» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ ነገር ግን እነዚሁ ሽማግሌዎች ማታ ማታ ጅብና ቀበሮ ሲሟገቱ የሚያሳይ ተረት ለልጅ ልጆቻቸው ሲነግሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጅብ በመናገሩ እስከ ዛሬ የተሳሳተ ሰው አላየሁም። የሚያሳስተው ሌላ ነው፤ እርሱንም ያስተዋልሁት በዚህ ወር ነው።

በመጀመሪያ ደግሜ ያነበብሁት የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። በ1900 ዓ.ም. በሮማ ታትሞ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው፣ የአማርኛ ልብ ወለድ ሁሉ በኵር የሚባለው መጽሐፍ ይህ ነው። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ አንድ የጦር አለቃ ተሸንፎ ቤተ ሰቡ ይቸገራል፤ የአንድ ደግ ነጋዴን ውለታ ለመመለስ የወጣው ልጁ ዋሕድ በመንገድ ተይዞ በባርነት ይሸጣል፤ መንትያ እኅቱ ጦቢያ እንደ ወንድ ለብሳ ከአባቷ ጋራ ትፈልገው ዘንድ ትወጣለች። ሴት መሆኗ ያልታወቀባት ጦቢያ በአረማዊው ንጉሥ እጅ ትወድቃለች፤ የንጉሡ ዘመድ ወንድ መስላት ትወዳታለች፤ በመጨረሻም ምሥጢሩ ይገለጣል፣ ንጉሡ ይጠመቃል፣ ጦቢያን ያገባል፣ ዋሕድም ይገኛል።

የደራሲው አማርኛ ዛሬም ያስደንቃል። ዘጌ ተወልዶ ያደገ ሰው ነውና ቃላቱ የጣና ዳር ቃላት ናቸው፤ ለዋሂል ልጅ ግን ይከብዳሉ። ስለዚህ አንዳንዱን ገጽ እኔው ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ግድ ይሆንብኛል። የአባትን ኀዘን የሚገልጽበት ስፍራ ሲደርስ ሁሉም ጸጥ ይላሉ። ቅር የሚያሰኘኝ የጦቢያ መንገድ ነው። መልኳ እንደ ይለፍ ወረቀት ሆኖ በያለበት ልብን ይከፍትላታል፤ አውሬውም፣ ጦረኛውም፣ ረኃቡም የሚያስፈራራት ያህል እንጂ የሚያጎድልባት ነገር የለም።

ይህን የምለው መጽሐፍ ለመንቀፍ ስለምወድ አይደለም። አንዲት ተማሪ ይህን መጽሐፍ ከእኔ ተውሳ በመለሰችልኝ ቀን፣ «ጋሼ፣ ጦቢያ ያን ሁሉ መንገድ ስትሄድ ማንም ክፉ ነገር አላደረሰባትም ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም እየሳቅሁ «ደራሲው አልፈቀደማ!» አልኋት። እርሷ ግን አልሳቀችም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይህችው ልጅ ከሁለት ጓደኞቿ ጋራ በጅቡቲ በኩል ወደ ዐረብ አገር ለመሻገር ስትመክር እንደ ነበረ፣ የደላላው ገንዘብ ስላልሞላላቸው ብቻ እንደ ቀሩ ከእናቷ ሰማሁ። ሰውን ከቤቱ የሚያስወጣው መጽሐፍ ነው ብዬ አላምንም፤ ዝናም ሲቀርና ማሽላው ሲደርቅ፣ ሥራም ሲጠፋ ሰው ይወጣል። ይሁን እንጂ መንገዱን በዐይነ ኅሊናዋ የሣለላት ማን ነው? ያ ቀልዴ እስከ ዛሬ ይቈጠቍጠኛል።

ከዚህ በኋላ ነው የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንደ ገና ያወጣሁት። በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰሙ ሰዎች በየከተማው አሉ። በ58 ዓመት ልዩነት በተጻፉት በሁለቱ መጻሕፍት ውስጥ ማንነቷን ሰውራ ከቤት የምትወጣ ልጃገረድ መኖሯን ከዚያ በፊት ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ጦቢያ ወንድሟን፣ ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ ይወጣሉ። የሁለቱም ልብ አንድ ነው፤ ድፍረታቸውም አይበላለጥም። መንገዱ ግን ልዩ ነው። በሐዲስ መንገድ ላይ ሽፍታ አለ፤ በዛብህን የሚያቈስለው ሽፍታ ከየትም የመጣ አይደለም፣ የዚያ ዘመን መንገድ የሚያበቅለው ነው። ፊታውራሪ መሸሻም ልጃቸውን ለድኻ የማይሰጡት ከሌላው ሰው ይልቅ ጨካኝ ስለ ሆኑ ብቻ አይደለም፤ የተወለዱበት ሥርዐት እንደዚያ አድርጎ ስለ ቀረጻቸው ነው። ጉዱ ካሣ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ማወቁ ግን ማንንም ሊያድን አልቻለም።

ይህ መጽሐፍ ነውር የለበትም ማለቴ አይደለም። ክርክሩ አንዳንድ ጊዜ ይረዝማል፤ ሰብለ በዚያ ሁሉ አገር ውስጥ በዛብህን ከወደቀበት ማግኘቷም ከጦቢያ ዕድል ብዙም የማይተናነስ አጋጣሚ ነው። አንዱ ወጣት ይህን ነቅሶ ሲያወጣብኝ ደስ አለኝ። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ የሐዲስ አጋጣሚ ሁለቱን ያገናኛቸዋል እንጂ አያድናቸውም። የአፈወርቅ አጋጣሚ ዕዳውን ሁሉ ይከፍላል።

ሦስተኛው «ነገም ሌላ ቀን ነው» ነው፤ አሜሪካዊቱ ማርጋሬት ሚቸል እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1936 ያሳተመችው የፍቅር ታሪክ። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን በማዕከላዊ ታስሮ ሳለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ተረጐመው። አተረጓጐሙ ራሱ ከተተረጐመው ታሪክ ይልቅ ተአምር ይመስላል፤ ወጣቶቹም ከመጽሐፉ አስቀድመው ስለ ወረቀቱ ይጠይቁኛል። ስካርሌት ረኃብን ስትታገል አብረናት እንታገላለን፤ ፍቅሯንም በገዛ ሞኝነቷ ማጣቷን ደራሲዋ አልሸፈነችላትም። ነገር ግን ያ ሁሉ የናፈቃት ያማረ ኑሮ በባሪያ ጉልበት የቆመ እንደ ነበረ፣ የባሪያውም ልብ እንዳልተጠየቀ ሳላስጠነቅቅ ይህን መጽሐፍ ለማንም አላውስም። ዋሕድ በባርነት ሲሸጥ ያለቀሰ አንባቢ እዚህ ዝም ሊል አይገባውም።

የተአምሩ ወገን የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወጥቶ በወጣቱ ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ፣ የጣናን ገዳማት ከስለላና ከረቀቀ ሳይንስ ጋራ ያጋባ ታሪክ ነው። እኔ በአንድ ሌሊት ጨረስሁት፤ ይህን ማመኑ አያሳፍረኝም። የተማረው ሰው በባዕድ አገር መቅረቱ ለኛ ትልቅ ቍስል ነውና፣ ደራሲው ይህን ቍስል መንካቱ ልክ ነው። የሚያስቸግረኝ ፈውሱ ነው። ዕውቀቱ በምሥጢር ተደብቆ ይጠብቀናል የሚል ተስፋ፣ ላቦራቶሪ በሌለው ትምህርት ቤት ለሚማር ልጅ ደስታ ይሰጠዋል፤ ሥራውን ግን ሌላ ሰው የጨረሰለት ያስመስልበታል። ከዚህ ሌላ ስለዚህ መጽሐፍ የምለው የለኝም፤ የሚወዱት ይውደዱት።

ተማሪዋ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከወሰደች ይኸው ሦስት ሳምንት ሆናት። ባለፈው ዓርብ በውሃ ቦኖው አጠገብ አገኘኋትና የት እንደ ደረሰች ጠየቅኋት። «ሰብለ ከቤቷ ልትወጣ ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ልነግራት ስል «እንዳትነግረኝ ጋሼ!» ብላ ጀሪካኗን አንሥታ ሄደች።