የተወረወረው ጸናጽል

ቅዳሜ ከሰዓት የኳየር ልምምድ ካለቀ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የሚቀሩትን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ፤ ምናልባትም እናንተው ናችሁ። የእሑዱ መዝሙሮች ተጠንተዋል፣ መሪው ሄዷል፣ የሚቸኩል የለም። አንዱ ኪቦርዱ ጋ ይቀመጣል፤ ሌላው ቤዙን ያነሣል፤ አንዷ ማይክ ትይዛለች። ሁሉም የሚያውቀው መዝሙር ይጀመርና ማንም ወዳላሰበው ቦታ ይሄዳል። ሙዚቀኞች «ጃም» ይሉታል። በቤተ ክርስቲያናችን ከማያቸው ነገሮች ሁሉ ልቤን ደስ ከሚያሰኙት አንዱ ይህ ሰዓት ነው።

ነገር ግን ሰው በቀላሉ የሚቆስልበት ሰዓትም ነው። አንዱ ይመጣና ድምፁን ከሁሉም በላይ ከፍ ያደርጋል። ዘማሪዋ ስንኙን ሳትጨርስ ሶሎ ይጀምራል። ተራው ሲያልቅም አይለቅም። ሌሎቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ ማንም ግን አይናገርም። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? ይህን የምጠይቃችሁ ብዙዎቻችሁ፣ በተለይ ድራም የምትመቱ ልጆች፣ ስለምትወዱት አንድ ፊልም ልጽፍላችሁ ስላሰብሁ ነው። ፊልሙ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ መልሱ ግን ስሕተት ይመስለኛል።

«ዊፕላሽ» እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የአሜሪካ ፊልም ነው። ጽፎ ያዘጋጀው ዴሚየን ቻዜል ራሱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ በጃዝ ባንድ ውስጥ ድራም ይመታ ነበር። አንድሩ የሚባል የ19 ዓመት ወጣት ኒው ዮርክ ውስጥ ባለ ስመ ጥር የሙዚቃ ትምህርት ቤት ድራም ይማራል፤ ትምህርት ቤቱ በእውን ያለ አይደለም፣ ለፊልሙ የተፈጠረ ነው። ፍሌቸር የተባለው መምህር ለዋናው ባንድ ይመርጠዋል። ከዚያ በኋላ «ትቸኩላለህ፣ ትዘገያለህ» እያለ በጥፊ ይመታዋል፤ ወንበር ይወረውርበታል፤ በሰው ፊት ያስለቅሰዋል። ልጁም እጁ እስኪደማ ይለማመዳል፤ የጀመራትን ጓደኛውንም ለድራሜ ዕንቅፋት ትሆኚብኛለሽ ብሎ ይተዋታል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ፊልሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጸያፍ ስድብ የተሞላ ነው። ለታናናሾቻችሁ አታሳዩት፤ ያላያችሁትም ይህን ለማንበብ ብላችሁ ማየት አያስፈልጋችሁም። ሥራው ግን ደካማ አይደለም። መምህሩን ሆኖ የተጫወተው ጄ ኬ ሲመንስ ኦስካር አግኝቶበታል፤ ፊልሙም በኤዲቲንግና በድምፅ ቅንብር ሁለት ኦስካር ጨምሯል። ተመልካቹ ወንበሩን ጨብጦ ነው የሚያየው። የምፈራውም ይህንኑ ነው፤ በደንብ የተነገረ ስሕተት በቀላሉ ልብ ውስጥ ይገባልና።

የፊልሙ ስብከት አንድ ታሪክ ላይ የቆመ ነው። ፍሌቸር ደጋግሞ ይተርከዋል። ቻርሊ ፓርከር ገና ልጅ ሳለ ጃም ላይ ወጥቶ ያበላሻል፤ ድራም መቺው ጆ ጆንስ ሲምባሉን ነቅሎ ወደ ራሱ ይወረውርበታል፤ አንገቱን ሊቆርጠው ለጥቂት ይተርፋል። ልጁ እየተሳቀበት ይወርዳል፤ ሌሊቱን ያለቅሳል፤ በማግስቱ ግን ልምምድ ይጀምራል፤ ከዓመት በኋላም ተመልሶ ዓለምን ያስደንቃል። እንግዲህ ይላል ፍሌቸር፣ ጆንስ «አይዞህ፣ ጥሩ ነው» ብሎት ቢሆን ኖሮ ፓርከር የሚባል ሰው አይኖርም ነበር። ይህን ታሪክ ከመድረክ እንደ ትጋት ምሳሌ ሲነገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። ቻርሊ ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1920 ተወለደ፤ ያደገው በካንሳስ ሲቲ ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ 16 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ሬኖ ክለብ በሚባል ቤት ጃም ላይ ሳክስፎኑን ይዞ ወጣ፤ ተበላሸበትም። በቦታው የነበረው ባሲስት ጂን ሬሚ በኋላ እንደ ተናገረው ሲምባሉ ያረፈው ወለሉ ላይ ነው። ትርጉሙ «በቃህ ውረድ» ማለት ነበር። ማንም አንገቱን ሊቆርጥ አልፈለገም። ውርደት ነበር፤ ልጁ መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ። ይህን አልክድም።

ፊልሙ የዘለለው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ክረምት ፓርከር ከጆርጅ ሊ ባንድ ጋር ኦዛርክ ወደሚባለው የሚዙሪ ተራራማ አገር ለሥራ ሄደ። የሳክስፎኒስቱን የሌስተር ያንግን ሸክላዎች ይዞ ነበር፤ ሶሎዎቹን እየሰማ አንድ በአንድ አጠናቸው። በባንዱ ውስጥ የነበሩ ታላላቆቹም አጠገባቸው አስቀምጠው የኮርድን ነገር አስተማሩት። ሲመለስ ሌላ ሰው ነበር። እንግዲህ ፍረዱ፤ ልጁን ሙዚቀኛ ያደረገው ለአንድ አፍታ የወደቀው ሲምባል ነው ወይስ ክረምቱን ሙሉ ያስተማሩት ታላላቆችና ሲሰማው የከረመው ሸክላ? ሲምባሉ ከመድረክ አወረደው፤ የመለሱት ግን ታላላቆቹና ሸክላዎቹ ናቸው። ፊልሙ የመጀመሪያውን ወስዶ ሁለተኛውን ጣለ።

መጨረሻውን ትዕይንት ደግሞ አስቡት። ፍሌቸር አንድሩን ሊበቀለው ፈልጎ ትልቅ መድረክ ላይ ያልተለማመደውን ሙዚቃ ያስጀምርበታል። ልጁ ይዋረዳል፣ ይወጣል፣ አባቱ ያቅፈዋል። ከዚያ ተመልሶ ይቀመጥና መምህሩን ሳይጠብቅ «ካራቫን» የሚባለውን ሙዚቃ በራሱ ሥልጣን ይጀምራል፤ ባሲስቱንም ምልክት እኔ እሰጥሃለሁ ይለዋል። ረጅም ሶሎ ይመታል። መምህሩ ፈገግ ይላል። ፊልሙ በዚሁ ያበቃል፤ ተመልካችም ያጨበጭባል።

እኔም መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ አጨብጭቤያለሁ። በኋላ ግን ወንበር ላይ የቀሩት ሙዚቀኞች ትዝ አሉኝ። ትሮምቦን የያዘው ልጅስ? ፒያኖው ጋ ያለውስ? እነርሱም ለዚያ ምሽት ተዘጋጅተው ነበር። አንዱ መድረኩን ለበቀል ተጠቀመበት፤ ሌላው ደግሞ መድረኩን ነጠቀው። ስለቀሩት ፊልሙ አይጠይቅም። መጀመሪያ ላይ በሰው አለመታሰብ የቆሰለው ልጅ መጨረሻ ላይ ሰው የማያስብ ሙዚቀኛ ሆነ፤ ይህንንም ድል አልነው። ሲምባል የተወረወረበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚማረው መወርወርን ነው። በፊልሙ ውስጥ ሾን ኬሲ የሚባል የፍሌቸር የቀድሞ ተማሪም አለ። መምህሩ በመኪና አደጋ ሞተ ብሎ ያለቅስለታል፤ በኋላ ግን ልጁ በጭንቀት ተይዞ ራሱን እንዳጠፋ እንሰማለን። ፊልሙ ይህን ያውቃል፤ ሆኖም በመጨረሻው ሶሎ ጩኸት ያስረሳናል።

ነገር ግን ለፍሌቸር አንድ እውነት ልተውለት። ባዶ ምስጋና ይጎዳል። የእኛ ቤት በሽታ ሲምባል መወርወር ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ጊታሩ ሳይቃኝ የወጣውን «ተባረክ» እንለዋለን። ያልተለማመደው «ለጌታ ነው፣ ልብን ያያል» ይላል፤ እኛም አሜን እንላለን። በመዝሙር 33 ግን የእግዚአብሔር ቃል በገናን በመልካም እንድንደረድር ያዝዘናል። በ1ኛ ዜና መዋዕል 25 የተቆጠሩት 288 ሰዎችም ለጌታ መዝሙር የተማሩና የሠለጠኑ ነበሩ። እዚያው ላይ ግን ተራ ለመያዝ ዕጣ ሲጣጣሉ ታናሹ እንደ ታላቁ፣ ተማሪውም እንደ አስተማሪው እኩል እንደ ቆመ ተጽፏል። ሥልጠናም አለ፤ መከባበርም አለ። አንዱን ለማግኘት ሌላውን መጣል አላስፈለጋቸውም።

ይሉኝታ ደግሞ ራሱ ቀስ ብሎ የሚወረወር ሲምባል ነው። ፊት ለፊት ያልተነገረው ነገር ከጀርባ ይወራል። ሰውየው ሳያውቅ ቀጣዩ ቅዳሜ ሳይነገረው ይቀራል፤ በቴሌግራም ያለ እርሱ ሌላ ግሩፕ ይከፈታል። የቀረው አንድ ቀን ትዕግሥት የሚያልቅበት ሰው መምጣት ብቻ ነው። በእኛ አዳራሽ ያ ሰው እኔ ነበርሁ።

ሊድ ጊታር የሚጫወት አንድ ልጅ ነበረን። ጎበዝ ነው፤ ግን ከላይ የገለጽሁትን ሁሉ ያደርጋል። ለሳምንታት ዝም አልነው። አንድ ቅዳሜ አንዲት እኅት በለሆሳስ ስትዘምር ጊታሩ ዋጣት። ከተቀመጥሁበት ተነሥቼ ወደ ሚክሰሩ ሄድሁና የጊታሩን መስመር ዘጋሁት። ጣቶቹ ይሮጣሉ፣ ድምፅ ግን የለም። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ፈገግ አልሁ። እርሱ ገመዱን ነቅሎ ጊታሩን በቦርሳው ከትቶ ወጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም፤ ከዚያ በኋላም እንዲሁ።

ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ፍቅር ሳይኖረው በልሳን የሚናገረውን ሰው ከሚጮኽ ጸናጽል ጋር እንዳመሳሰለው ታውቃላችሁ። ሁልጊዜ ይህን ቃል ለእንደዚያ ልጅ ላሉት፣ ብዙ ለሚጮኹት፣ አነብበው ነበር። በዚያ ምሽት ጸናጽሉ እኔ ነበርሁ፤ ያውም አንድ ድምፅ ሳላሰማ።

ያልሠራሁትን የሠራው ቤዝ የሚጫወተው ወንድማችን ነው። በማቴዎስ 18 ጌታ እንዳስተማረው ብቻውን ሄደ፤ ቡና ጋበዘው፤ ጠየቀውም። ልጁ የሚቆመው ድራሙ አጠገብ ነበር፤ ሞኒተሩ ደግሞ ወደ ዘማሪዎቹ ዞሯል። ራሱን ስለማይሰማ ነበር ድምፁን የሚጨምረው። ይህን ማናችንም አልጠየቅነውም ነበር። ተራ አለመልቀቁ ግን ጥፋት መሆኑን ወንድማችን ሳይሸፍን ነገረው፤ ልጁም አመነ። እኔ ይቅርታ ልጠይቀው ከመሄዴ በፊት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሰምቶኝ ካበቃ በኋላ፣ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ጊታሬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ሲስቁ ነው የገባኝ» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ስለዚህ ከፊልሙ ይልቅ ይህን ያዙ። ጃም ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙ፤ ማን ይመራል፣ ሶሎ ስንት ዙር ነው፣ የማቆሚያው ምልክት ምንድን ነው። ሁሉም ራሱንም ዘማሪውንም እንደሚሰማ አረጋግጡ። የማታውቁት መዝሙር ሲመጣ አንድ ዙር እጃችሁን አሳርፋችሁ ስሙ። በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ጳውሎስ በጉባኤ ለሚናገሩት ያዘዘውን አስታውሱ፤ ለተቀመጠው ሌላ ሰው ቢገለጥለት የፊተኛው ዝም ይበል ይላቸዋል። እዚያ ዝምታ ሽንፈት አይደለም፤ ወንድምን የማነጽ አንዱ መንገድ ነው። ሶሎ ለሚወድድ ሰው ከዚህ የሚከብድ ትምህርት ያለ አይመስለኝም።

ያም ሆኖ የማይሰማ ሰው ቢኖር፣ በመድረክ ላይ አትንገሩት፤ በሌለበትም አትንገሩበት። በዚያው ሳምንት አንዳችሁ፣ የሚወድደው ሰው ቢሆን ይሻላል፣ ሂዱና ንገሩት። ስትናገሩ ግልጽ ሁኑ፤ «አንዳንድ ነገር አስተካክል» ከማለት «ሁለተኛው ስንኝ ላይ እኅታችን አልተሰማችም» ማለት ይሻላል። ከዚያም እንደ ኦዛርኮቹ ታላላቆች አጠገቡ ተቀመጡ። ነግሮት የሚሄድ ሰው ሥራውን የጨረሰው ግማሹን ብቻ ነው።

ሞኒተሩን አዙረናል። ያ ልጅ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰማል። ጊታሩን ገና አላመጣም። ቦታውን ግን ለማንም አልሰጠንበትም።