አንቀጽ ለመጸወተች ማኅበር

ለተራበ የሚቆርሱ፣ ለታረዘ የሚያለብሱ፣ ወላጅ ያጣን ሕፃን የሚያሳድጉ ደጋጎች በዚች አገር ብዙ ናቸው፤ ምርቃታቸውም ከድሃው አፍ ተለይቶ አያውቅም። የዛሬው ውዳሴ ግን ላንቺ ይቅረብ፤ ማዕድ ሳትዘረጊ ላጠገብሽ፣ ጎጆ ሳትቀልሺ ላስጠለልሽ፣ በመዝገብና በሙግት ለመጸወትሽ፣ ላንቺ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር!

በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ጸድቆ ብዙም ሳይውል ሳያድር፣ ሕግ የተማሩ ጥቂት ሴቶች ተጠራርተው ወለዱሽ። ሕገ መንግሥቱ ሴትን ከወንድ እኩል ናት ብሏል፤ በየቤቱ የሚገዛው ግን ገና የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር። በዚያ ሕግ ባል የቤቱ አለቃ፣ ሚስት ታዛዥ፤ መኖሪያውን የሚመርጥ እርሱ፣ የጋራውን ሀብት የሚያስተዳድር እርሱ፤ ሚስቱ ከቤት ውጭ የምትይዘውን ሥራ ለትዳሩ አይበጅም ብሎ መቃወምም ይችል ነበር። ወንድ በ18 ዓመቱ፣ ልጃገረድ በ15 ዓመቷ ለጋብቻ ይበቃሉ ይል ነበር። ይባስ ብሎም፣ ባል አገልጋይ መቅጠር ካቃተው የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ ትሥራ የሚል አንቀጽ ነበረው። ሕግ አውጪ እስከ ማጀት ወርዶ ድስቱን ማን እንደሚያጥብ ሲደነግግ ብዕሩ አለማፈሩ ይደንቃል።

አንቺ ጠበቆችሽን ይዘሽ በዚህ ሕግ ፊት ቆምሽ። ቀለብ የተከለከለችው እናት፣ ከቤቷ በባዶ እጇ የተባረረችው ሚስት፣ ክስ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ የማታውቀው ተበዳይ ደጅሽን ሞሉት፤ ዋጋ አልጠየቅሽም። ከሁሉ በላይ ስምሽን ያስጠራው የአርሲዋ ልጅ ጉዳይ ነው። ዕድሜዋ 14፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች የተጠለፈች፤ የተደፈረች፤ በኋላም የጠላፊዋን ጠመንጃ አንሥታ የገደለችው። በባህሉ ዓይን ጠላፊው ሙሽራ፣ እርሷ ነፍሰ ገዳይ ነበረች። አንቺ ግን አጠገቧ ቆመሽ ራስን መከላከል ነው ብለሽ ተሟገትሽ፤ ፍርድ ቤቱም ተቀብሎ በነጻ አሰናበታት። ታሪኳ ከዓመታት በኋላ «ድፍረት» የተባለ ፊልም ሆኖ ዓለምን ዞረ።

ሌላ የበጎ አድራጎት ድርጅት ቢሆን ይህን ድል በፎቶግራፍ አስጊጦ ለለጋሾቹ ልኮ በረካ ነበር። አንቺ ከአንዲቷ ልጅ አልፈሽ የሚመጡትን ሁሉ አሰብሽ። ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት የሚያድነው የ1949ኙ የወንጀል ሕግ ካልተነካ፣ ነገ ሌላ ልጅ፣ ከነገ ወዲያም ሌላ ልጅ ደጅሽ መምጣቷ አይቀርምና። ስለዚህ አጠናሽ፣ አወያየሽ፣ ጻፍሽ፣ ተሟገትሽ። ለውዳሴ እውነት ይገባዋልና፣ የተገኘው ሁሉ ያንቺ ብቻ እንዳይመስል እላለሁ፤ ያረቀቁ ባለሙያዎች ነበሩ፣ ያጸደቀ ምክር ቤት ነበረ፣ አደባባይ የወጡ ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶች ነበሩ። ሆኖም ከፊት የቀደመው፣ ሳይሰለች የጎተጎተው ድምፅ ያንቺ ነበር። ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ወጣ፤ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፣ ባልና ሚስት በሀብታቸው እኩል አዛዥ ሆኑ። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ጠላፊ በጋብቻ የሚያመልጥበትን በር ዘጋ፤ የሴት ልጅ ግርዛትንም ወንጀል አለው።

ኢኮኖሚውን የሚያሰሉ ሰዎች ደግሞ ይስሙ! የሕግ ማኅበር ስለ ገንዘብ ምን አገባት የሚሉም ይስሙ! የቤተሰብ ሕግ ማውጣት የክልሎች ሥልጣን በመሆኑ አዲሱ ሕግ በአገሩ ሁሉ በአንድ ቀን አልደረሰም፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ፣ ከክልሎችም አማራ፣ ኦሮሚያና ትግራይ ቀደሙ፤ ሌሎቹ ዘገዩ። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ይህን መቀዳደም ተጠቅመው የቀደሙትን ከዘገዩት አነጻጸሩ። ሕጉ ቀድሞ በደረሰበት ቦታ ሴቶች ከቤት ውጭ፣ ሙሉ ጊዜ፣ ደመወዝ በሚከፈልበትና የተሻለ ትምህርት በሚጠይቅ ሥራ ላይ ከሌላው ይልቅ በዝተው ተገኙ። ፋብሪካ ሳይተከል፣ ብድር ሳይመጣ፣ በጥቂት አንቀጾች ብቻ! ደግሞም እንዴት አይሆንም? ለመቀጠር የማንንም ይሁንታ የማትጠብቅ ሴት ማለዳ ወጥታ ሥራ ትፈልጋለች። ቤቱ ያለ እርሷ ፊርማ እንደማይሸጥና በመያዣነት እንደማይሰጥ ያወቀች ሚስት ያገኘችውን ሳትሰጋ በቤቱ ላይ ታውላለች። ያንቺ የመጀመሪያ መሪ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ኋላ የእናት ባንክ መሥራች የቦርድ ሰብሳቢ መሆናቸውን ሰምቶ የተደነቀ ካለ፣ መንገዱ ከፍርድ ቤት ወደ ባንክ ቀጥ ያለ እንደነበር ልብ አላለም።

ፈተናሽም ክብርሽ ነው። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. መካከል ከዓላማሽ ወጥተሻል ተብለሽ ለጥቂት ሳምንታት ታገድሽ፤ እገዳው ተነሥቶ ተመለስሽ። የ2001ዱ አዋጅ ቁጥር 621 ግን የከፋ ነበር፤ በመብት ጉዳይ የሚሠራ ማኅበር ከገቢው ከውጭ ሊያገኝ የሚችለው ከ10 በመቶ አይበልጥም አለ። ድሃ አገር ላይ ተቀምጦ፣ ለድሃ ሴት በነጻ የሚሟገት ማኅበር ገንዘቡን ከደንበኞቹ ይልቀም ማለት እኮ ነው! የባንክ ሒሳብሽ ታገደ፣ ከሠራተኞችሽ የሚበዙት ተበተኑ። አዋጁ የልመና አኩፋዳን በዝምታ አሳልፎ፣ ሕግ ይሻሻል የሚለውን አፍ ለይቶ ለጎመ፤ የትኛው በጎ አድራጎት እንደሚያስፈራ በዚህ ታወቀ። አንቺ ግን አልተዘጋሽም። ቢሮው ሲጠብ፣ ደመወዝ ሲቀር፣ በጎ ፈቃደኛ ጠበቆችሽ ከራሳቸው ሥራ ሰዓት ቆርሰው ባለጉዳይ ማነጋገሩን ቀጠሉ።

ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. መሥራችሽ ወይዘሮ መዓዛ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ወጥቶ የ10 በመቶውን ሰንሰለት በጠሰ። ሹመቱ የታላላቆች ነው፤ ታላላቆች ያመስግኑት። የዚህ ውዳሴ የመጨረሻ ሰላምታ ግን ለነዚያ በጎ ፈቃደኛ ጠበቆች ይድረስ፤ ስማቸው በአዋጅ ላልታተመ፣ የቀጠሮ ቀን ሳያዛንፉ በችሎት ለተገኙ፣ ለማያውቋት ሴት «የእኔ ደንበኛ» ብለው ለተነሡ። እናንት የተከበራችሁ፣ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፤ መዝገባችሁ አይጥፋ፣ ክርክራችሁ አይረታ!