ከትርጉም የተተረጐመ፦ የጥልጥልያ ጉዳይ

በጣና ዳርቻ፣ በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ተአምረ ማርያም በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በሥዕል ይታያል። ተመልካቹ ከሥዕል ወደ ሥዕል እየተሻገረ ይከተለዋል፤ የዛሬ ወጣቶች የጃፓንን ሥዕላዊ ታሪክ እንደሚከተሉት። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ሌላም ነገር አለ፤ የጃፓኑ ታሪክ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ በኩል እንደሚደርሰን፣ ተአምሩም የደረሰን በዐረብኛ በኩል ነው። መሠረቱ በ12ኛው ምዕት ዓመት በምዕራብ አውሮፓ የተጠናቀረ ሲሆን፣ በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ጸሐፍት በእጃቸው አባዙት፤ ያገራቸውንም ተአምራት ጨመሩበት።

የመሸጋገሪያው ቋንቋ አሻራ በስሞቹ ላይ ቀርቷል። የደቅስዮስ አገር «ጥልጥልያ» የእስጳንያዋ ቶሌዶ ናት፤ ጳጳሱም በ667 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያረፈው ኢልደፎንሶስ ነው። ስሙ የመጣው ከላቲኑ «ቶሌቱም» ሳይሆን ከዐረብኛው «ጡለይጡላ» ነው። ይህን ያልተረዳ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ለውጡን የግዕዝ ተርጓሚ ስሕተት ያደርገዋል።

«የትርጉም ትርጉም ዋጋ የለውም» የሚለውን የተለመደ ነቀፋ አልቀበልም። የዮሐንስ ዘኒቅዮስ የታሪክ መጽሐፍ በ1602 እ.ኤ.አ. ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ባይመለስ ኖሮ፣ ዐረብኛው ጠፍቷልና፣ መጽሐፉ ባልተረፈልን ነበር። እኔ የምነቅፈው መሸጋገሪያውን መደበቅን ነው። ሥዕላዊ ታሪክ ተርጕሞ ለወዳጆቹ የሚያካፍል ሰው ከየትኛው ቋንቋ እንደመለሰው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፍ። ጃፓኖች «ትሱናሚ» የሚሉትን እኛ «ሱናሚ» የምንለው «ት»ን አማርኛ ስለ ዋጠው አይደለም፤ እንግሊዝኛ አስቀድሞ ውጦት ነው።