በመምህሩ አፍ የተናገረች ሴት

አማርኛችን «ሰማ» ለሚለው ግስ ብዙ ሥራ ሰጥቶታል። ልጅ ሲታዘዝ «ይሰማል» እንላለን፤ ሲያስቸግር ደግሞ «አይሰማም»። በደል የደረሰበት ሰው «ሰሚ አጣሁ» ይላል። «ደንቆሮ» የሚለው ቃልም ጆሮው የማይሰማውንና ዕውቀት የጎደለውን በአንድ ስም ሲጠራ ኖሯል። እንዲህ ባለ ቋንቋ ያደግን ሰዎች መስማት በተሳነው ተማሪ ፊት በመምህርነት ስንቆም፣ ገና አፋችንን ሳንከፍት ፍርድ ይዘን እንቆማለን። መምህር ለመሆን በመሠልጠን ላይ ላለ እንደ እኔ ያለ ሰው «ቺልድረን ኦቭ ኤ ሌሰር ጎድ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ዛሬም መታየት ያለበት፣ ይህንን ፍርድ ስለሚፈትን ነው። ርእሱን በግርድፉ «የታናሽ አምላክ ልጆች» ልንለው እንችላለን።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1986 በራንዳ ሄይንስ አዘጋጅነት የተሠራ ነው። መነሻው ግን የማርክ ሜዶፍ ተውኔት ሲሆን፣ በ1980 ብሮድዌይ ላይ ታይቶ በምርጥ ተውኔትነት የቶኒ ሽልማት አግኝቷል። ሜዶፍ ተውኔቱን የጻፈው ፊሊስ ፍሬሊክ ለተባለች መስማት ለተሳናት ተዋናይት ነበር፤ እርሷም በዚሁ ሥራ ተሸልማለች። በፊልሙ ቦታዋን የተረከበችው ማርሊ ማትሊን ደግሞ በ21 ዓመቷ ኦስካር ተቀበለች። በዋና ተዋናይትነት ከእርሷ ባነሰ ዕድሜ ያሸነፈች እስከ ዛሬ የለችም።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ጄምስ ሊድስ የንግግር መምህር ነው። በባሕር ጠረፍ በሚገኝ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ይቀጠርና ተማሪዎቹን በሙዚቃ ንዝረት እያስጨፈረ ድምፅ ያስወጣቸዋል። ሣራ ኖርማን እዚያው ተምራ እዚያው በጽዳት ሠራተኛነት የቀረች ወጣት ናት። ብልህም ቁጡም ናት፤ በእጇ እንጂ በአፏ አትናገርም፤ መናገር መማርም አትፈልግም። ጄምስ ይህን የመሰለ አእምሮ ከመጥረጊያ ጋር ሲውል ማየት አልሆንልህ ይለዋል። ሊያስተምራት ይነሣል፤ በዚያው ይወዳታል፤ አብረው መኖር ይጀምራሉ፤ ሳይስማሙም ይለያያሉ።

የፊልሙ ጥንካሬ ጄምስን ክፉ ሰው አለማድረጉ ነው። የምልክት ቋንቋ አቀላጥፎ ይችላል፤ ሥራውን ይወዳል፤ የሚያምንበትም ነገር አለው። የማይናገር ሰው በተናጋሪዎች ዓለም ወደ ኋላ ይቀራል ብሎ ያምናል፤ ዓለምም ይህን እምነቱን የምታስተባብልበት አይደለችም። ሣራ ግን ገና በልጅነቷ የሚሰሙ ጎረምሶች ሊያነጋግሯት ሳይደክሙ ገላዋን ብቻ እንደፈለጉ ታውቃለች። ዝምታዋ ስንፍና ወይም ግትርነት አይደለም፤ ክብሯን የምትጠብቅበት አጥር ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እኛ መምህራን የተማሪን «አልፈልግም» የምንተረጉመው «ገና አልገባኝም» በሚል ነው። ስለዚህ ትምህርቱን እንደግምለታለን፤ ዘዴ እንቀይርለታለን፤ እንመክረዋለን። እምቢታው ራሱ የታሰበበት መልስ ሊሆን እንደሚችል ግን አይታየንም።

ከፊልሙ ሁለት ትዕይንቶች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በአንደኛው ጄምስ የባኽን ሙዚቃ ከፍቶ ያዳምጣል፤ ወዲያው ግን ያቆመዋል፤ ሣራ ልትሰማው ስለማትችል እርሱንም ደስታ ነሥቶታል። አዘኔታው ከልብ ነው፤ ነገር ግን የእርሷን ሕይወት የሚለካው በጎደለው ነው። በሌላው ትዕይንት መስማት የተሳናቸው ሰዎች ወደተሰበሰቡበት ግብዣ ይሄዳሉ። እጆች ከየአቅጣጫው ይጫወታሉ፤ ቀልድ ይወረወራል፤ ክርክር ይጦፋል። ምልክት ቋንቋ አዋቂው መምህር ጨዋታው ፈጥኖበት እንደ እንግዳ ዳር ላይ ይቀራል። እዚያ ቤት ውስጥ የሚጎድለው ሰው እርሱ ነው። የመስማት የተሳናቸው ባህል ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ከብዙ ገለጻ ይልቅ ይህ ትዕይንት ያስረዳል፦ የራሱ ቋንቋ፣ የራሱ ወግና የራሱ ሳቅ ያለው ማኅበረሰብ ነው።

ይህ እውነት ቦታ ያገኘው ዘግይቶ ነው። በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰበው የመስማት የተሳናቸው ትምህርት ጉባኤ ንግግር ብቻ እንዲሰጥ፣ ምልክት ከመማሪያ ክፍል እንዲወጣ ወሰነ። ከ160 በላይ ከሆኑት ተሰብሳቢዎች ውስጥ መስማት የተሳነው አንድ ብቻ ነበር። ዊልያም ስቶኪ የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሥርዓት ያለው ቋንቋ መሆኑን የሚያሳየውን ጥናቱን ያሳተመው በ1960 ነው። ለሚላኑ ውሳኔ ጸጸት የተገለጸው ደግሞ ከ130 ዓመት በኋላ፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይ በተደረገው ተመሳሳይ ጉባኤ ነው። የሚላን ሰዎችም እንደ ጄምስ በጎ አሳቢዎች ነን ባዮች ነበሩ።

ወደ ፊልሙ ጉድለት እንምጣ። ሣራ በእጇ የምትለውን ተመልካች የሚያውቀው ጄምስ በድምፁ እየደገመው ነው፤ ከምስሉ ግርጌ ትርጉም የለም። ስለዚህ በአፏ ለመናገር እምቢ ያለችው ሴት ፊልሙን በሙሉ በመምህሯ አፍ ስትናገር ትቆያለች። የፊልሙ ታሪክ የሚነቅፈውን ጥፋት የፊልሙ አሠራር ይፈጽመዋል። ሌላም አለ። በተውኔቱ ውስጥ ኦሪን የተባለ ተማሪ ትምህርት ቤቱ መስማት የተሳናቸውን መምህራን እንዲቀጥር ይታገላል። ፊልሙ ይህን አውጥቶ ጥሎታል። «ማን ያስተምር? ማን ይወስን?» የሚለው የመብት ጥያቄ ወደ ፍቅረኛሞች ጠብ ወርዷል።

ጥያቄው ግን ከፊልሙ ውጪ ቀጠለ። መጋቢት ወር 1988 ላይ ዋሽንግተን የሚገኘው የጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግቢያቸውን ዘጉ። በ1864 የተመሠረተው ይህ ተቋም መስማት የተሳነው ፕሬዚዳንት ኖሮት አያውቅም ነበር፤ ቦርዱም እንደገና የምትሰማ ሴት መርጦ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ተማሪዎቹ አሸነፉ፤ ኪንግ ጆርዳን ተሾመ። ከአንድ ወር በኋላ ማርሊ ማትሊን የኦስካር መድረክ ላይ ሽልማት ለመስጠት ወጥታ የዕጩዎቹን ስም በአፏ ጠራች። ከመስማት የተሳናቸው ወገኖቿ ብዙዎቹ ተቆጧት፤ እንደ ክህደት ቆጠሩባት።

እኔ ይህን ቁጣ ምክንያቱ ቢገባኝም አልቀበለውም። ሣራ ዝም ለማለት መብት ካላት፣ ማትሊንም ለመናገር መብት አላት። ምርጫን ከመምህሩ ነጥቆ ለማኅበረሰቡ ማስረከብ ተማሪውን ባለቤት አያደርገውም፤ አዛዡን ብቻ ይለውጥለታል።

እዚህ ላይ ግን ፊልሙ የማይነካው ከባድ ነገር አለ። ሣራ አዋቂ ናት፤ እምቢ የምትልበትም ቋንቋ አላት። የስድስት ዓመት ሕፃንስ? መስማት ከተሳናቸው ሕፃናት አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው፤ እቤታቸው በእጅ የሚያነጋግራቸው ላይኖር ይችላል። ቋንቋ ያልተሰጠው ልጅ ሊመርጥ አይችልም፤ «ምረጥ» ማለትም ማላገጥ ይሆናል። ስለዚህ ከምርጫ በፊት ቋንቋ ይቀድማል። በአገራችን የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ የሚጠና መሆኑ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ቁም ነገሩ ግን ያ ቋንቋ በአንደኛ ክፍል ሕፃን እጅ ላይ መድረሱ ነው። ከዚያ በኋላ የንግግርን በር ለሚፈልገው ክፍት ማድረግ፣ መስማት የተሳነው መምህርም ፊቱ ቆሞ እንዲያይ ማድረግ ይቻላል።

መምህር እምነቱን ይጣል አልልም፤ እምነት የሌለው መምህር ከጠመኔ አይሻልም። እምነቱን እንደ እምነት ይናገር፤ ማርክ መስጫ ግን አያድርገው። በፊልሙ መጨረሻ ሣራና ጄምስ ከዝምታም ከድምፅም ውጪ የሆነ መገናኛ ቦታ ይመኛሉ። ምኞቱ ያምራል፤ ማን የበለጠ እንደሚራመድ ግን አይነግረንም። በፍቅር ውስጥ እኩል መራመድ ይበቃ ይሆናል። በክፍል ውስጥ ግን ደመወዙም፣ ፈተናውም፣ ሥልጣኑም ያለው መምህሩ ዘንድ ነው፤ ረጅሙን መንገድ መሄድ ያለበትም እርሱ ነው።